በሦስት የሚሠራ ሞተር
የሞተር መቆራረጥን የመመርመር ሙያ ባገራችንና በኮልፌ

የማኅበራችን ዓመታዊ መጽሔት አዘጋጆች ስለ ሙያችን ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ስለ ታላላቅ ፋብሪካዎች ወይም ስለ ታወቁ አስመጪዎች መጻፍ ይቻል ነበር። እኔ ግን የመረጥሁት አንድ ድምፅ ነው። ይኸውም ኮልፌ ውስጥ ማለዳ በጋራዥ ደጃፍ ያለፈ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ በሚኒሞ የሚሠራ ሞተር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ አራተኛውን ሲዘል የሚሰማው ድምፅ ነው። ባለመኪናው «ይቆራረጣል» ይላል፤ ነጂው «አቅም አጣ» ይላል፤ መካኒኩ ደግሞ «በሦስት ይሠራል» ይላል። ሦስቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ሕመም ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ሰው። ሞተር በሽታውን አይደብቅም። በድምፁ፣ በጢሱ፣ በካንዴላው ቀለም ሳይሰለች ይናገራል። ችግሩ ያለው ከአድማጩ ዘንድ ነው። ባገራችን በሞተር መቆራረጥ ሳቢያ ያለ ጥፋታቸው የተጣሉ ዕቃዎች፣ ያለ ፍላጎት የወረዱ ቴስታታዎችና ያለ ሥራ የቆሙ መኪናዎች ብዙ ናቸው። ይህ ጽሑፍ ምርመራው ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ፣ ምን እንደ ተለወጠና ምን እንዳልተለወጠ ባጭሩ ለማሳየት የተዘጋጀ ነው። ዓመታቱ፣ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር፣ ሁሉም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የሕመሙ ጠባይ

ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር በሚኒሞ በደቂቃ 800 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ሲሊንደር 400 ጊዜ፣ አራቱ በድምሩ 1,600 ጊዜ ድብልቃቸውን ይለኩሳሉ። ከነዚህ አንዱ ሲሊንደር ሥራውን ቢያቆም የተቀሩት ሦስቱ ራሳቸውን ችለው መኪናውን ማንቀሳቀስ ብቻ ሳይሆን ያቆመውንም ፒስተን ተሸክመው ይዞራሉ። ያልተቃጠለው ቤንዚን ከፊሉ በማርሚታ ይወጣል፤ ከፊሉ ደግሞ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ዘይት አጥቦ ወደ ታች ይወርድና ፋሻውንና ፒስተኑን ይጎዳል። ስለዚህ ዛሬ የአንድ ካንዴላ ወይም የአንድ ገመድ ጉዳይ የነበረው ነገር ችላ ቢባል ከጥቂት ወራት በኋላ ሙሉ እድሳት የሚጠይቅ ጉዳይ ይሆናል።

አንድ ሲሊንደር እንዲሠራ ሦስት ነገሮች በአንድ ላይ ሊሟሉለት ይገባል። እነርሱም በተገቢው ጊዜ የሚደርስ ብልጭታ፣ በተገቢው መጠን የተመጠነ የአየርና የቤንዚን ድብልቅ፣ እንዲሁም ድብልቁን አጥብቆ የሚይዝ ኮምፕሬሽን ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ዘወትር የሚጎድል ከሆነ ምርመራው ቀላል ነው። መካኒክን የሚፈትነው ግን መቆራረጡ በማለዳ ብቻ፣ በዝናብ ብቻ ወይም ዳገት ላይ ብቻ ሲከሠት ነው። መኪናው ከጋራዥ ሲደርስ ደህና ይሆናል፤ ከጋራዥ ሲወጣ ሕመሙ ይመለሳል። መካኒክ ከምርመራ ወጥቶ ወደ ግምት የሚገባው በዚህ ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው አውቶሞቢል

አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለውን መኪና ከጅቡቲ አንሥቶ መንገድ በሌለበት አገር እየነዳ ለንጉሠ ነገሥቱ አቀረበ። አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊም እንዲሁ ናኬ በተባለ መኪና ወደ ምኒልክ ከተማ መጣ። እነዚህ ሁለት ጉዞዎች ብዙ ጊዜ የሚተረኩት በረሃውንና ገደሉን በመሻገር ጀብዱነታቸው ነው። በሙያችን ዓይን ሲታዩ ግን ሌላ ትርጉም አላቸው። ከባሕር ወለል የተነሣ ሞተር ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ሲወጣ ምን እንደሚሆን ባገራችን ምድር በተግባር የታየው በነርሱ ነው።

በዚያን ዘመን የነበሩ ሞተሮች ብልጭታ የሚያገኙት ከማግኔቶ ወይም ከባትሪና ከሚንቀጠቀጥ ቦቢና ነበር። በሮበርት ቦሽ ድርጅት የሚሠራው ጎትሎብ ሆኖልድ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠውን ማግኔቶ ያዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ከዚያም በኋላ አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ ባትሪን፣ ቦቢናን፣ ፑንቲናንና ዲስትሪቢዩተርን አስተባብሮ አዲስ ሥርዓት አወጣ፤ ይህም እ.ኤ.አ. ከ1910 ጀምሮ በካዲላክ መኪናዎች ላይ ገባ። እኛ «እሳት» የምንለው ሥርዓት ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ለስድሳ ዓመታት ያህል በመሠረቱ ሳይለወጥ ቆይቷል። በኮልፌ በኔ ዕድሜ ያለ መካኒክ ሁሉ የተማረው ይህንኑ የኬተሪንግን ሥርዓት ነው።

ከጣሊያን የቀረልን ቋንቋ

የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ መኪናዎች በባቡር ተጭነው መግባት ጀመሩ። ቁጥራቸው ግን ጥቂት ነበር፤ የሚጠግኗቸውም አብዛኛውን ጊዜ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። የጥገና ሙያ በብዙ ኢትዮጵያውያን እጅ የገባው በጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በተሠሩት መንገዶችና በገቡት የፊያትና የላንቺያ የጭነት መኪናዎች አማካይነት ነው። ዕቃ አቀባይና አጣቢ ሆነው የገቡ ወጣቶች በማየትና በመስማት ሙያውን ቀሰሙ።

የዚህ ታሪክ ምስክር አንደበታችን ነው። ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ፑንቲና፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ኮፋኖ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቪቴ፣ ሚኒሞ፣ እነዚህ ሁሉ ከጣሊያንኛ የወረስናቸው ቃላት ናቸው። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ግን የዕቃዎቹ ስም በጣሊያንኛ ሲወረስ የሕመሞቹ ስም በአማርኛ መቅረቱ ነው። ሞተር ያስላል፣ ይቆራረጣል፣ ያፍናል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ይጠጣል፣ ያጨሳል እንላለን። ዕቃውን ባዕድ አመጣው፤ ሕመሙን አዳምጦ ስም ያወጣለት ግን ያገራችን ሰው ነው። ካቻቪቴ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ የሚያዳምጠው የጥንቱ መካኒክ ያለ መጽሐፍ የደረሰበት የምርመራ ችሎታ በነዚህ ግሶች ውስጥ ተቀምጧል።

ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. የተግባረ እድ ትምህርት ቤት ሲከፈት ሙያው በክፍል ውስጥ መሰጠት ጀመረ። በኮልፌ አቅራቢያ በ1938 ዓ.ም. የተከፈተው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤትም በኋለኛው ዘመን የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ሆኗል። ሆኖም ግን በትምህርት ቤት የተማረውና በጋራዥ ያደገው መካኒክ ለረጅም ጊዜ ሲተያዩ የኖሩት በጥርጣሬ ነው። አንደኛው መለኪያውን ያምናል፤ ሁለተኛው ጆሮውን ያምናል። የሞተር መቆራረጥ ግን ሁለቱንም የሚጠይቅ ሕመም ነው።

የደጋው አየር

ከፋብሪካ የሚመጡ የጥገና መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፉት ለባሕር ወለል ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ይህ አንድ እውነት ከምርመራችን ጋር በአራት በኩል ይያያዛል።

በመጀመሪያ፣ ካርቡሬተር ቤንዚን የሚመጥነው አየሩ ሲያልፍ በሚፈጥረው የሳብታ ኃይል ነው። አየሩ ሲሳሳ የአየሩ ክብደት ይቀንሳል፤ ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ለባሕር ወለል የተመጠነ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ ድብልቁን ከ10 በመቶ በላይ ያወፍረዋል። ወፍራም ድብልቅ በካንዴላው ላይ ጥቁር ጥላሸት ያለብሳል፤ ጥላሸትም ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ስለሆነ ብልጭታ ሊሆን የሚገባው ኃይል በጥላሸቱ በኩል ሾልኮ ይጠፋል። ካንዴላ በየጊዜው እየለወጡ መቆራረጡ በየጊዜው የሚመለስበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጥፋቱ የካንዴላው ሳይሆን የዥግለሩ ነው።

በሁለተኛ ደረጃ፣ የሳሳ ድብልቅ ቀስ ብሎ ስለሚቃጠል ብልጭታው ጥቂት ዲግሪ ቀደም ብሎ እንዲደርስ ማድረግ ያስፈልጋል። የቀድሞ መካኒኮች ይህንን ዲስትሪቢዩተሩን በእጃቸው እያዞሩ ዳገት ላይ እየሞከሩ ደርሰውበታል።

በሦስተኛ ደረጃ፣ የሳሳ አየር የኤሌክትሪክ መከላከያነቱ ዝቅተኛ ነው። ይህ ሁለት ተቃራኒ ውጤት አለው። በሲሊንደሩ ውስጥ ብልጭታው ለመዝለል ይቀለዋል፤ ከውጭ ደግሞ በገመዱ፣ በዲስትሪቢዩተሩ ክዳንና በካንዴላው አንገት ላይ ኤሌክትሪኩ ለማምለጥ ይቀለዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በከፍታ የሚበሩ አውሮፕላኖች ማግኔቶ ውስጥ አየር በግፊት እንዲሞላ የተደረገው በዚሁ ምክንያት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ዝናብ ላይ ይህ ሲጨመር የክረምት ማለዳ ለመካኒክ ለምን የሥራ ወቅት እንደሆነ ይገባናል።

አራተኛውና ከሁሉ የከፋ ስሕተት የሚያመጣው የኮምፕሬሽን ልኬት ነው። በባሕር ወለል 12 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር አዲስ አበባ ላይ 9 ባር ገደማ ቢያሳይ አይደነቅም፤ የሚጨመቀው አየር ከመነሻው ያነሰ ነውና። መጽሐፉን ብቻ የሚያነብ መካኒክ ግን ይህንን ሲያይ «ሞተሩ አርጅቷል» ብሎ ይፈርዳል። በደጋ አገር ልናይ የሚገባው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። አራቱም 9 ቢሆኑ ጤና ነው፤ ሦስቱ 9 ሆነው አንዱ 6 ቢሆን ሕመም ነው።

ኮልፌ

ኮልፌ በከተማችን ምዕራብ፣ ከመርካቶ ባሻገር የሚገኝ ሰፈር ነው። በዓለም ታሪክ ስሙ የሚነሣው በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር ወታደራዊ ትምህርት በመከታተላቸው ነው። ለእኛ ለሙያተኞች ግን ኮልፌን ኮልፌ ያደረገው አቀማመጡ ነው። በአንድ ወገን የሶማሌ ተራ መለዋወጫ ገበያ የሚገኝበት መርካቶ ቅርብ ነው፤ በሌላው ወገን የአምቦና የጅማ መንገዶች ከዚሁ ከከተማው ምዕራብ ይነሣሉ። ከገጠር የደከመ መኪና ሲገባ ከመካኒክ ጋር የሚገናኘው፣ ወደ ገጠር የሚወጣውም ለመጨረሻ ጊዜ ኮፋኖውን የሚከፍተው እዚህ ነው።

በነዚህ ጋራዦች ያለፉት መኪናዎች በየተራቸው አንዳንድ ትምህርት ሰጥተውናል። ፎልክስዋገን ከኋላ ያለው ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ ሲሆን፣ በአሮጌዎቹ ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው የአየሩን መንገድ ስለሚጋርድ ሦስተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ ይበልጥ ይሞቃል። ፋብሪካውም ይህንን አውቆ በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ለሦስተኛው የሚደርሰውን ብልጭታ ጥቂት ዲግሪ አዘግይቶት ነበር። ይህን ያላወቀ መካኒክ የጊዜ ልዩነቱን አይቶ ዲስትሪቢዩተሩን «አርጅቷል» ብሎ ይጥለዋል። ሰይቼንቶ ስንላት የኖርነው ፊያት 600 ከኋላ በተጨናነቀ ሥፍራ ያለው ሞተሯ ሙቀትን፣ ላዳ ፑንቲናን፣ ቶዮታ ኮሮላ ደግሞ ትዕግሥትን አስተምረውናል። የላዳና የፎልክስዋገን ፑንቲና ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በደቂቃ 3,000 ጊዜ በሚዞር ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ላይ ይህች ትንሽ ክፍተት በደቂቃ 6,000 ጊዜ ትከፈታለች፤ ትዘጋለች። የአንድ ፀጉር ያህል መበላት ለሞተሩ ሕመም ለመሆን እንደምትበቃ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ነዳጅ ሲወደድ ሕመሙ ይበልጥ ይሰማል። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ በመጨመሩ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ማቆማቸውና ይህም ከዘመኑ ታላላቅ ለውጦች ጋር መያያዙ የታወቀ ነው። በሦስት የሚሠራ ሞተር ከሚጠጣው ቤንዚን አራተኛውን እጅ ያህል ያለ ሥራ ይደፋል። ለታክሲ ነጂ ይህ የዕለት እንጀራ ጉዳይ ነው።

የራሴ ስሕተት

ታሪክ ስንጽፍ የሌላውን ድክመት ብቻ መጻፍ አይገባም፤ ስለሆነም የራሴን ላስቀምጥ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ገና ወጣት መካኒክ ሳለሁ አንድ የታክሲ ነጂ ኮሮላ ይዘው ወደምሠራበት ጋራዥ መጡ። መኪናዋ ማለዳ ማለዳ በሦስት ትሠራለች፤ ረፋድ ላይ ትድናለች። ካንዴላ ለወጥሁ፤ ተመለሰች። ፑንቲናና ኮንደንሰር ለወጥሁ፤ ተመለሰች። ካርቡሬተሩን ፈትቼ አጠብሁ፤ አሁንም ተመለሰች። በመጨረሻ ኮምፕሬሽኑን ለካሁ። አራቱም እኩል ነበሩ፤ ሆኖም በመጽሐፉ ከተጻፈው ሩብ ያህል አንሰው አገኘኋቸው። መጽሐፍ ማንበብ በመቻሌ እኮራ ነበርና ለሰውዬው «ጋሼ፣ ቴስታታው መውረድ አለበት» አልኋቸው። እሳቸውም አመኑኝ። ለእድሳቱ ገንዘብ ተበደሩ።

ቴስታታው ወረደ፤ ቫልቮቹ ተሞረዱ፤ አዲስ ጓርኒሲዮን ገባ። መኪናዋ ሳምንታት ያለ ሥራ ቆማ ወጣች። በመጀመሪያው ዝናባማ ማለዳ እንደገና በሦስት እየሠራች መጣች።

በአጠገባችን ካለ ሌላ ጋራዥ አንድ አዛውንት መካኒክ ነበሩ። ማንበብና መጻፍ አይሆንላቸውም። ነገሩን ባጫወትኋቸው ጊዜ ወዲያው መፍቻ አላነሡም፤ «ልጄ፣ እስኪመሽ ጠብቅ» ብቻ አሉኝ። ሲመሽ መብራቱን አጠፉ፤ ሞተሩ እየሠራ ሳለ ጣታቸውን ውኃ እየነከሩ በገመዶቹ ላይ ረጩ። በሁለተኛው ሲሊንደር ገመድ ላይ፣ ከብረት ማሰሪያው ጋር በሚነካካበት ሥፍራ፣ ሰማያዊ ብልጭታ ወደ ብረቱ ሲዘል አየን። ሞተሩም በዚያችው ቅጽበት ይሰናከላል። ገመዱ ዓይን በማያየው ስንጥቅ ተሰንጥቆ ነበር። ማለዳ ጤዛና ዝናብ ሲነካው ያፈሳል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ይደርቅና ይድናል። ጥፋቱ ይኸው ነበር።

ባለመኪናው ሲነገራቸው አልተቆጡም። ገመዱን በእጃቸው አገላብጠው ካዩ በኋላ «አንተስ ተማርህበት፤ እኔ ምን ልማርበት?» አሉኝ። ለዚህ ጥያቄ ያን ዕለት መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ በማስረጃ ያልተፈረደበትን ዕቃ ላለመፍታት የሞከርሁት ለዚያ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው።

የምርመራው ሥርዓት

ከዚህ ዓይነቱ ስሕተት የሚጠብቀው ሥርዓት በብዙ ሙያተኞች ልምድ የተፈተነ ሲሆን፣ ቅደም ተከተሉ እንደሚከተለው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ባለመኪናው ነው። መቆራረጡ መቼ ይጀምራል? በብርድ ነው በሙቀት? በሚኒሞ ነው በዳገት? ከዝናብ በኋላ ነው ወይስ ቤንዚን ከተሞላ በኋላ? ለነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ ግማሽ ምርመራ ነው። ቀጥሎ የታመመው ሲሊንደር ይለያል። በቀድሞዎቹ ሞተሮች የካንዴላዎቹን ገመድ በየተራ በማላቀቅ፣ ሲላቀቅ በሞተሩ ላይ ለውጥ የማያመጣው ሲሊንደር የታመመው መሆኑ ይታወቃል። በኤሌክትሮኒክ እሳት በሚሠሩ መኪናዎች ግን ገመድ እየነቀሉ ብልጭታን ሜዳ ላይ መልቀቅ ቦቢናውንና መቆጣጠሪያውን ሊያቃጥል ስለሚችል መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ማዘዋወር ነው። የታመመው ሲሊንደር ካንዴላ ከጤነኛው ጋር ይለዋወጣል። ሕመሙ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የካንዴላው ነው፤ ከቦታው ካልተነሣ ሌላ ነው። ይህ ፈተና ምንም ገንዘብ አያስወጣም። የወጣው ካንዴላም ይነበባል፤ ጥቁርና ደረቅ ጥላሸት ወፍራም ድብልቅን፣ እርጥብ ቅባት የዘይት መግባትን፣ ነጭነት የሳሳ ድብልቅን ወይም የበዛ ሙቀትን፣ ቡናማነት ጤናን ያመለክታል።

አራተኛው ኮምፕሬሽን ነው። አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ ካነሰ ጥቂት ዘይት ጠብ ተደርጎበት እንደገና ይለካል። ልኬቱ ከፍ ካለ የፋሻ ጉዳይ ነው፤ ካላለ የቫልቭ ወይም የጓርኒሲዮን ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ካነሱ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን መቃጠሉ ይጠረጠራል። ብልጭታውና ኮምፕሬሽኑ ደህና ሆነው ሲገኙ ብቻ ወደ ድብልቁ፣ ይኸውም ወደ ካርቡሬተሩ፣ ወደ ኖዝሉና አየር ሊያስገባ ወደሚችለው ስንጥቅ ይኬዳል። ቴስታታ የሚወርደው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

የነዳጁና የኮምፒዩተሩ ለውጥ

በቅርቡ ዘመን ሁለት ነገሮች ምርመራውን ለውጠውታል። አንደኛው ነዳጁ ነው። ቀድሞ በቤንዚን ውስጥ ይጨመር የነበረው እርሳስ በካንዴላ ላይ እየተጋገረ ሞተር ሲግል ያቆራርጥ ነበር። ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. እስከ 2005 ማብቂያ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ሲያስወግዱ ይህ ሕመም ጠፋ፤ በምትኩ መቀመጫቸው ለስላሳ የሆነ የአሮጌ ሞተሮች ቫልቮች መሰርጎድ መጣ። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኢታኖል በአዲስ አበባ ቤንዚን ውስጥ በ5 በመቶ መጠን መደባለቅ ጀመረ፤ ቆይቶም ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሏል። ኢታኖል ውኃ የሚስብ፣ የቆየ ዝቃጭንም የሚያላቅቅ በመሆኑ ማጣሪያና የነዳጅ ቋት የምርመራው አካል እንዲሆኑ ግድ ብሏል።

ሁለተኛው ኮምፒዩተር ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ቀላል መኪናዎች ሕመማቸውን በተወሰነ ኮድ የሚናገር ሥርዓት እንዲኖራቸው አስገደደች፤ ሌላውም ዓለም ተከተለ። ኮምፒዩተሩ የሞተሩን ዘንግ ፍጥነት በየቅጽበቱ ይለካል፤ አንድ ሲሊንደር ሳይለኩስ ሲቀር ዘንጉ ለአፍታ ስለሚዘገይ ይህንን ይመዘግባል። ፒ0300 ከሆነ መቆራረጡ በተለያዩ ሲሊንደሮች ላይ ነው፤ ፒ0303 ከሆነ በሦስተኛው ነው። ነገሩን በጥሞና ለሚያይ ሰው ኮምፒዩተሩ የሚያደርገው የጥንቱ መካኒክ በጆሮው ያደርገው የነበረውን ነው፤ የዘለለውን ምት ይቆጥራል።

ሆኖም ኮዱ የታመመው የትኛው ሲሊንደር መሆኑን ይነግራል እንጂ ለምን እንደታመመ አይናገርም። ዛሬ በኮልፌ በየቀኑ በምናያቸው እንደ ቶዮታ ቪትዝ ባሉ መኪናዎች ላይ እያንዳንዱ ካንዴላ የራሱ ቦቢና አለው። ኮዱን አይቶ ወዲያው አዲስ ቦቢና የሚያስገዛ ወጣት፣ እኔ በመጽሐፉ ቁጥር ቴስታታ ካወረድሁት የተለየ ስሕተት አልሠራም። ቦቢናውን ከጎረቤቱ ጋር አለዋውጦ ኮዱ ተከትሎት ይሄድ እንደሆነ ማየት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። መሣሪያው አዲስ ቢሆንም ፈተናው ያው የጥንቱ ነው።

ማጠቃለያ

አንዳንድ ባልደረቦቻችን ይህ ሁሉ ሙያ ጊዜው አልፏል ይላሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወድዶታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪና ካንዴላም ቴስታታም የለውም፤ በሦስትም አይሠራም። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከዚሁ ሌላ ነገር ይከተላል። ያሉት የቤንዚን መኪናዎች የሚተኩ ሳይሆኑ የሚያረጁ ይሆናሉ፤ ባለቤቶቻቸውም ብዙዎቹ ሌላ መኪና ለመግዛት አቅም የሌላቸው፣ በዚያችው መኪና ቤተ ሰብ የሚያስተዳድሩ ሰዎች ናቸው። ዕቃ ሲወደድና ሲጠፋ በግምት የሚለወጥ ዕቃ የሚያደርሰው ጉዳት ይብሳል። ስለሆነም መመርመር የሚችል መካኒክ የሚያስፈልገው ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ነው።

በበኩሌ ለማኅበራችን አባላት ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ጋራዥ የምርመራ መዝገብ ይያዝ። መኪናው ምን ብሎ መጣ፣ ምን ተለካ፣ ምን ተገኘ የሚለው ቢጻፍ ለደጋው አየር የሚስማማ የራሳችን መጽሐፍ ከጊዜ በኋላ ከነዚህ መዝገቦች ይወጣ ነበር፤ ያኔ የባሕር ወለል ቁጥር ይዘን በሞተር ላይ አንፈርድም። ሁለተኛ፣ በጆሮ የሚያዳምጡት አንጋፎች በሕይወት ሳሉ ከወጣቶች ጋር በአንድ ሞተር ፊት እናቁማቸው። እኔ ከጎረቤት ጋራዥ አዛውንት የተማርሁት የአንድ ምሽት ትምህርት ከብዙ ወራት ልፋቴ በልጧል። እሳቸው ዛሬ የሉም፤ የተናገሩትንም የጻፈ ሰው አልነበረም።

ያቺ ኮሮላ አዲስ ገመድ ከገባላት በኋላ ለብዙ ዓመታት በከተማችን ሠርታለች። ባለቤቷም የተበደሩትን ገንዘብ ከፍለው የጨረሱት በዚያችው መኪና ሥራ ነው።